ለስትሮክ ታካሚዎች የጋራ ክፍል እናዘጋጅ፦ የድጋፍ ጥሪ

አባቴን ስትሮክ ቀኝ ጎኑን መትቶት ሆስፒታል በተኛበት ጊዜ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ፊዚዮቴራፒ (የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና) ይሠራ ነበር። የሚያሠራው ባለሙያ ጎበዝ ነው። እኔን ያሳሰበኝ የቀረው ሰዓት ነው። አልጋው ግድግዳ ፊት ለፊት ነው፤ አጠገቡ ወንበር የለም። ምግቡም መድኃኒቱም አልጋው ድረስ ይመጣል። ቢነሳስ ወዴት ይሄዳል? ኮሪደሩ ላይ የሚይዘው ብረት የለ፣ ደርሶ የሚያርፍበት የለ። እናም ይተኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎኑ የተኙ አዛውንት ካርታ አስመጥተው ጠሩት። በእኔ ተደግፎ ሄዶ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጠዋት ሲያሠሩት እንቢ ያለው ቀኝ እጁ ካርታዎቹን ጭኑ ላይ ተጭኖ ያዘለት። ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር።

የአባቴ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአውስትራሊያ ሜልበርን 5 ሆስፒታሎች ውስጥ 64 የስትሮክ ታካሚዎችን ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት በየ10 ደቂቃው የተከታተለ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ታካሚዎቹ ከግማሽ በላይ ጊዜያቸውን አልጋ ላይ፣ 60 ከመቶውን ብቻቸውን ነበሩ። ለማገገም በሚረዳ እንቅስቃሴ ያሳለፉት 13 ከመቶውን ብቻ ነው። በዚያው አገር ተሠርቶ በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ መጽሐፍ፣ ጨዋታና ሙዚቃ በቅርባቸው ሲቀመጥላቸው ታካሚዎች በአንድ ነገር ይበልጥ እንደሚጠመዱ፣ ብቻቸውን ፈዘው የሚውሉበት ጊዜም እንደሚቀንስ አሳይቷል። የተጎዳ አንጎል የሚማረው በድግግሞሽ ነው። ብዙ መተኛት ደግሞ የደም መርጋት፣ የሳንባ ምችና የአልጋ ቁስል ይዞ ይመጣል።

ይህ ሲባል ታካሚን በመጀመሪያው ቀን አስነስቶ ማሯሯጥ አይደለም። በ2015 ውጤቱ የወጣ፣ ከ2,000 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት በ24 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ በብዛት የሚሰጥ እንቅስቃሴ የማገገም ዕድልን እንደቀነሰ አሳይቷል። የምናዘጋጀው የጋራ ክፍል የሚጠቅመው ሐኪም እንዲነሱ ለፈቀደላቸው ነው።

አሁን በዎርዱ ኮሪደር ጫፍ ያለው ባዶ ክፍል ተፈቅዶልናል። ቅድሚያ የምንሰጠው ለኮሪደሩ መደገፊያ ብረት ነው፤ በሁለቱም ግድግዳ መሆን አለበት። በደህናው እጁ ይዞ የሄደ ሰው ሲመለስ ያ እጅ በሌላው ጎን ይሆናልና። መሃል ላይ ማረፊያ ወንበር እናስቀምጣለን። ወንበሮቹ ጠንካራ፣ ከፍ ያሉና የክንድ መደገፊያ ያላቸው ይሁኑ፤ ሶፋ እባካችሁ አታምጡ፣ ሰምጠው መነሳት ያቅታቸዋል። ዊልቸር ሥሩ የሚገባ የምግብ ጠረጴዛም ያስፈልገናል፤ ምሳ እዚያ ከቀረበ ለመነሳት ምክንያት ይሆናል። ትልቅ የግድግዳ ሰዓት፣ ሬዲዮ፣ ካርታ፣ ዳማ፣ በትልልቅ ፊደል የታተሙ መጻሕፍትም እንቀበላለን።

ገንዘብ ያላችሁ ለብረቱና ለጠረጴዛው አዋጡ። ብረት የምትበይዱ፣ እንጨት የምትሠሩ እጃችሁን ስጡን። ዕቃ ያላችሁ ለዎርዱ ኃላፊ ነርስ አስረክቡ። ምንም የሌላችሁ ደግሞ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ መጥታችሁ ካርታ ተጫወቱ፤ ጠያቂ የማይመጣላቸው ታካሚዎች አሉ።