ምሕረትዬ፣ ስለ ሞክሼሽ ልንገርሽ

ምሕረትዬ፣ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል።

ባለፈው ስትደውዪ የጥያቄና መልስ ውድድር እንዳለባችሁ፣ አንቺም ስለ ድርጅቶችና ስለ ንግድ ስሞች በሚጠየቀው በኩል እንደተመዘገብሽ ነገርሽኝ። "አባዬ፣ ስለ መኪኖቹ የምታውቀውን ጻፍልኝ" አልሽኝ። ደስ አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ እሱኑ ሳስብ ነው የከረምኩት። በስልክ ባወራው ይበታተንብኛል ብዬ ይኸው ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አድርጌያቸዋለሁ፣ የሚጠይቋችሁም በሱ ስለሆነ።

በኤንትሬ ልጀምር። እንጀራዬን የጀመርኩት በሱ ነው። ኤንትሬ፣ ኤንትሬ ስንል ብዙዎቻችን አማርኛ ይመስለን ነበር። ጣልያንኛ ነው። ፊያት 682 ኤን 3 የሚባል ከባድ መኪና አለ፣ "ትሬ" ማለት ሦስት ነው፣ ፊደሏና ቁጥሯ ተጋጥመው ኤንትሬ ሆኑ። ፊያት ራሱ ምኑም ሙሉ ስም አይደለም። የአራት ቃላት መነሻ ፊደል ነው፤ ሲፈታ "የቶሪኖ የጣልያን አውቶሞቢል ፋብሪካ" ማለት ነው። የተመሠረተው በ1899 ነው። ይቺን ያዣት፣ ትጠየቃለች።

አንድ ነገር ግን ማንም የማይጠይቅሽን ልንገርሽ። ጣልያኖች በቀኝ መንገድ እየነዱ የከባድ መኪናን መሪም በቀኝ ያደርጉት ነበር። ለምን መሰለሽ? ሾፌሩ ተራራ ላይ ሲሆን የገደሉን ጠርዝ በዓይኑ እያየ እንዲነዳ ነው። እኔ በረዳትነት የሠራሁበት መኪና እንደዚያ ነበር። ከአሰብ ጭነን ስንመጣ ታርማ በር ላይ ጉም ከወረደ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የአስፋልቱን ጫፍ እያየ ይነዳል፣ እኔ በግራ በኩል ተንጠልጥዬ ከፊት የሚመጣውን መብራት እነግረዋለሁ። "አለ!" ስል ይቆማል። "አልፏል!" ስል ይሄዳል። ያን መሪ በቀኝ ያደረገውን ሰው ስሙን ባላውቀውም ስንት ጊዜ አመስግኜዋለሁ።

ላዳን ታውቂያታለሽ፣ አዲስ አበባ አክስትሽ ጋ ስንሄድ የምንሳፈርባት ሰማያዊና ነጭ ታክሲ። የማን አገር ናት ቢሉሽ የሩሲያ ትያለሽ፣ ልክ ነሽ። ግን የኤንትሬ ያክስት ልጅ ናት። የሶቪየት መንግሥት በ1966 ከፊያት ጋር ተዋዋለና ፊያት 124 የምትባለውን የቤት መኪና ወስዶ በቮልጋ ወንዝ ዳር በተሠራ ፋብሪካ ማምረት ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ የወጡት በ1970 ነው። የሩሲያ መንገድና ብርድ እንዳይሰብራት ላሜራዋን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ የኋላ ፍሬኗንም ቀየሩት። እኛ አገር ያን ሁሉ ዓመት የቆየችው ዝም ብሎ አይደለም። ከተማዋ ደግሞ ቶልያቲ ትባላለች። ስሙ ሩሲያዊ አይደለም፤ ፓልሚሮ ቶልያቲ የሚባል የጣልያን ኮሚኒስት መሪ ነበር፣ በ1964 ሲሞት ከተማዋን በሱ ስም ሰየሙለት። ከዚያ ነው የጣልያን መኪና እዚያችው ከተማ የሄደው። ይሄን ባነበብኩ ቀን እናትሽን ጠርቼ ነገርኳት።

ባጃጅ የሰው ስም ነው። የቤተሰብ ስም ነው፣ የህንዱ ጃምናላል ባጃጅ የማህተማ ጋንዲ የቅርብ ሰው ነበር፣ ጋንዲ እንደ ልጁ ያየው ነበር ይባላል። ድርጅቱ ሞተር ሳይክልና ባለ ሦስት እግር መሥራት የጀመረው ከጣልያኑ ፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ነው። ፒያጆ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፕላን ይሠራ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ በ1946 ቬስፓን አወጣ፣ ቬስፓ ማለት ተርብ ነው፣ ወገቧ ቀጭን ኋላዋ ወፍራም ስለሆነች። ሁለት ዓመት ቆይቶ ባለ ሦስት እግሯን አወጣና "አፔ" አላት። አፔ ማለት ንብ ነው። እንግዲህ ዛሬ ሰፈራችን ውስጥ ሲርመሰመሱ የምታያቸው ባጃጆች ዘራቸው ከንብ ነው።

አይሱዙ የወንዝ ስም ነው፣ ጃፓን ውስጥ ኢሴ በሚባለው ትልቅ ቤተ መቅደስ አጠገብ የሚፈስ።

ቶዮታ ላይ ትንሽ ልቆይ። የመሥራቾቹ ቤተሰብ ስም "ቶዮዳ" ነው፣ በ"ዳ"። ለመኪናው ግን በ"ታ" አደረጉት። በጃፓን ፊደል "ቶዮታ" ሲጻፍ ስምንት ጭረት ይሆናል፣ ስምንት ደግሞ እነሱ ዘንድ የመልካም ዕድል ቁጥር ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ የአናጺ ልጅ ነበር። መኪና አይደለም የሠራው፤ የሽመና ማሽን ነው። ማሽኑ አንዲት ክር ስትበጠስ ወዲያው ራሱን ያቆማል። አያትሽ ሸማኔ እንደነበሩ ታውቂያለሽ። እሳቸው አንድ ድር ተበጥሶ ሳያዩት ስንዝር ያህል ከሠሩ ያን ሁሉ ፈትተው እንደገና ይጀምሩት ነበር፣ ስለዚህ ይሄ ማሽን ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ አስረጂ አያስፈልገኝም። ልጁ ኪቺሮ ነው ወደ መኪና የገባው፤ የመኪናው ድርጅት በ1937 ለብቻው ቆመ። ያ የሽመናው ሐሳብ ግን እስከ ዛሬ አለ፣ የቶዮታ ፋብሪካ ሠራተኛ ጉድለት ካየ ገመድ ስቦ ሥራውን ማስቆም ይችላል። ሌላ ደግሞ፣ ኮሮሞ ትባል የነበረችው ከተማ በ1959 ስሟን ወደ ቶዮታ ቀየረች። ቶልያቲ የሰው ስም ወሰደች፣ ይቺኛዋ የድርጅት። ሁለቱን እንዳታምታቺ።

ቮልቮ በላቲን "እሽከረከራለሁ" ማለት ነው። ስሙ መጀመሪያ የመኪና አልነበረም፣ የኩሽኔታ ነበር፤ ጎማው ሳይፋተግ እንዲሽከረከር መሐሉ የሚገጠመው ብረት። ኤስኬኤፍ የሚባለው የስዊድን ኩሽኔታ ፋብሪካ ነው በ1915 ያስመዘገበው። የመጀመሪያዋ መኪና የወጣችው በ1927 ነው።

ኩሽኔታ ካነሳሁ አይቀር፣ አንቺ ሦስተኛ ክፍል ሳለሽ የሆነውን ታስታውሺ እንደሆነ አላውቅም። የአይሱዙው የኋላ ጎማ መጮኽ ጀምሮ አንድ ሱቅ ገብቼ አዲስ ኩሽኔታ ገዛሁ። ካርቶኑ ያምራል፣ ስሙም የታወቀ ስም ነው፣ ዋጋው ቀነስ ያለ ነበር። ሸዋ ሮቢትን አልፌ ብዙም ሳልሄድ ጎማው ሥር ጭስ አየሁ። ወርጄ ስነካው እጄን ጠበሰኝ። ኩሽኔታው ውስጥ ያሉት ብረቶች ቀልጠው ተጣብቀው ነበር። ጭኜው የነበረው ሽንኩርት ነው፣ ሁለት ሌሊት ጋቢና ውስጥ ተኝቼ መካኒክ እስኪመጣ ግማሹ ተበላሸ። የባለ ንብረቱን ዕዳ ስከፍል ስንት ወር እንደፈጀብኝ እናትሽ ትነግርሻለች።

ቤት ስገባ ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ ጣልኩት። አንቺ ያኔ የእንግሊዝኛ ፊደል ያገኘሽበትን ሁሉ ታነቢ ነበር። ወጥቶ የተጣለው አሮጌው ኩሽኔታ ላይ የተቀረጸውን በጣትሽ እየተከተልሽ አነበብሽ፣ ከዚያ ካርቶኑን አነበብሽ፣ ከዚያ "አባዬ፣ እዚህ ጋ አንድ ፊደል ጎድሏል" አልሽኝ። እኔ አርባ ዓመት የሞላኝ ሰው አላየሁትም፣ አንቺ አየሽው። ስም የማንበብ ፍቅሬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ዕቃ ስገዛ ስሙን አነባለሁ፣ ቤት ስገባ ከየት እንደመጣ እጠይቃለሁ፣ ስልክ የገዛሽልኝ ጊዜ ደግሞ ራሴ መፈለግ ጀመርኩ። እዚህ የጻፍኩልሽ አብዛኛው ከዚያ የተገኘ ነው።

አሁን ወደ ሞክሼሽ ልምጣ። ለመጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው።

እኛ ማርቸዲስ የምንላት መርሴዲስ የሴት ልጅ ስም ናት። ኤሚል ዬሊኔክ የሚባል ነጋዴ ነበር፣ ፈረንሳይ ውስጥ ኒስ ከተማ የሚኖር፣ ዳይምለር የሚባለውን የጀርመን ፋብሪካ መኪና ለሀብታሞች የሚሸጥ። በ1889 የተወለደች ልጅ ነበረችው። ፍጥነት ይወዳል፣ ውድድር ሲገባም ራሱን በልጁ ስም ነበር የሚያስመዘግበው። በ1900 ሠላሳ ስድስት መኪና በአንድ ጊዜ አዘዘ። ሲያዝ ግን ዝቅ ያለ፣ ረዘም ያለ፣ ጉልበት ያለው አዲስ መኪና እንዲሠሩለትና በልጁ ስም እንዲጠራ ነገራቸው። ዊልሄልም ማይባህ የሚባለው መሐንዲስ ሠራው። በመጋቢት 1901 ኒስ ላይ ሲወዳደር ሌሎቹን ሁሉ አስከነዳቸው፣ በዓመቱም ስሙ በሕግ ተመዘገበ። ያኔ ልጅቷ ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር።

መርሴዲስ ስፓንኛ ነው፣ ትርጉሙ ምሕረት። ስፓኞች ለእመቤታችን ከሚሰጧት ስሞች አንዱ ነው፣ "የምሕረቷ እመቤት" ይሏታል። አንቺ የተወለድሽው በኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው፣ ለዚህ ነው ስምሽን ያወጣንልሽ። ከአንድ ስፍራ የተቀዳ ስም ነው ያላችሁ።

በ1903 ደግሞ አባትየው የራሱን ስም አስቀየረና ዬሊኔክ-መርሴዲስ ተባለ። ይሄን ሳነብ ስልኩን አስቀምጬ ዝም ብዬ ቆየሁ። እኛ አገር ልጅ ነው የአባቱን ስም የሚከተለው። እሱ አባት ሆኖ የልጁን ስም ተከተለ። እሷ እንኳ ብዙ አልኖረችም፣ በ1929 ስትሞት አርባ አልሞላትም ነበር። ስሟ ግን ይኸው በየአስፋልቱ ላይ አለ። የመኪናዋን ፈረስ ጉልበት ይጠይቁሽ ይሆናል፣ 35 ነው። ልጅቷን ግን አትርሻት።

የእኔን አይሱዙ ስሸጥ የኋላው ላሜራ ላይ ያስጻፍኩትን ገዢው እንዲያጠፋው አልፈለግኩም። እሱም አላጠፋውም። ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ነዳጅ ማደያው ጋ ቆሞ አየሁት፣ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ፊደሎቹ ግን ይነበባሉ። ረዳቱ ልጅ እግር ነው፣ ጠጋ ብዬ "ይቺ ምሕረት ማናት?" አልኩት። "የድሮው ባለቤት ልጅ ናት አሉ" አለኝ።

ውድድሩ ሲያልቅ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደውዪልኝ፣ እስከዚያ አልተኛም። ስንቅ በአውቶቡስ ልከንልሻል፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ነው፣ ከጓደኞችሽ ጋር ብሉት።

የምሕረት አባት