«ሰዓት ይዞ መቆም ሥራ ነው ወይ?» ላሉኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎንስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

«ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሳትሰፋ፣ በሰፊዎች መሃል ሰዓት ይዘህ ስትቆም ደመወዝ ይከፍሉሃል?» ብለው ለጠየቁኝ በስልክ በቅጡ ስላልመለስኩ ነው ይህን የምጽፍልዎ።

ሥራው ካይዘን ይባላል። ቃሉ የጃፓን ነው፤ ሳያቋርጡ ማሻሻል እንደ ማለት። ከሚያስቡት በላይ እንደ እርስዎ ላለ ሸማኔ ይቀርባል። ሳኪቺ ቶዮዳ የሚባል ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1924 ያጠናቀቀው የሽመና ማሽን ድር ሲበጠስ ራሱ ይቆም ነበር። ድር ሲበጠስ የእርስዎ እጅ ያውቀዋል፤ የማያውቅ ማሽን ግን ሰው ካልጠበቀው የተበላሸ ጨርቅ እየሸመነ ይቀጥላል። ጥፋት ሲፈጠር እዚያው አቁሞ ምክንያቱን መፈለግ የሚለው ሐሳብ ልጁ ወደ መሠረተው ቶዮታ የተሻገረው ከዚያ ነው። እኛም አገር የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ተቋቁሟል።

አዲስ ገቢ መጀመሪያ የሚማረው «አምስቱ ማዎች» የሚባሉትን የሥራ ቦታ ማደራጃ ደረጃዎች ነው፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ቶሎ ያልቃሉ፤ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ይቀባል፣ ፎቶ ይነሳል። የሚወድቀው ማዝለቅ ላይ ነው፤ ትእዛዝ ሲጣደፍ መጀመሪያ የሚሰረዘው ለጽዳት የተመደበው 10 ደቂቃ ነውና። «ካይዘን መጥረጊያና ቀለም ነው» እያለ የሚያሾፍ ሰው ያየው ይህንኑ ነው፤ አልፈርድበትም።

ሰዓቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰፊዎች ተደርድረው ሥራ የሚቀባበሉበትን የሸሚዝ መስመር እንውሰድ። የ8 ሰዓት ፈረቃ 480 ደቂቃ ነው፤ 30ው ለእረፍት ሲወጣ 450 ይቀራል። ትእዛዙ በቀን 900 ሸሚዝ ከሆነ በየ30 ሰከንዱ አንድ መውጣት አለበት። ኮሌታ የምትገጥመው ልጅ 42 ሰከንድ ከፈጀባት በሰዓት ከ85 አታልፍም፤ የሚፈለገው 120 ነው። ያልደረሰችበት ሥራ እሷ ጋ ይቆለላል፣ ከእሷ ቀጥሎ ያሉት እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። አለቃው ጮኾ ሌሎቹን ቢያጣድፍ ቁልሉ ያድጋል እንጂ ሸሚዝ አይጨምርም።

ጀማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ሰዓቱን ደብቆ ይይዛል። ልጅቷ ግን ታየዋለች፤ ወይ ትፈጥናለች ወይ ትዘገያለች፣ ቁጥሩም ውሸት ይሆናል። አስቀድሞ ሊነገራት ይገባል፤ የሚለካው ሥራው ነው፣ እሷ አይደለችም። ቢያንስ 10 ዙር ይለካል፤ መርፌ የተሰበረበት ዙር ለብቻው ይጻፋል። ከዚያ የእጇ እንቅስቃሴ ይበተናል። ከ42ቱ 13 ሰከንድ መስፋት ሳይሆን በጥቅል የታሰሩትን ኮሌታዎች መፍታትና ልኩ የሚገጥመውን መፈለግ ሆኖ ቢገኝ፣ እሱን 16 ሰከንድ ብቻ የሚፈጅ ሥራ ወደያዘችው ጎረቤቷ ማሻገር ይቻላል። ሁለቱም 29 ይሆናሉ። ጠባብ ነው፤ አንድ ክር ቢበጠስ 30 ያልፋል። ግን ማሽን አልተገዛበትም።

ክሩ ቶሎ ቶሎ ከተበጠሰስ? «ለምን» እየተባለ ይወረዳል። ለምን ተበጠሰ? የመርፌው ዓይን ሻክሮ። ለምን ሻከረ? ብዙ ስለሠራ። ለምን አልተቀየረም? የሚቀየረው ሲሰበር ብቻ ስለሆነ። ለምን? የመቀየሪያ ቀኑን የሚመዘግብ ሰው ስላልተመደበ። እዚህ ይቆማል፤ ነገ ጠዋት ሊስተካከል የሚችል ነገር ተገኝቷል። «ሰፊዋ ቸልተኛ ናት» ላይ ከቆመ ግን መርፌው እንዳለ ነው።

በዚህ ሙያ ማደግ ማለት በአብዛኛው አፍን መያዝ መልመድ ነው። መለካቱን በጥቂት ወራት ይለምዱታል። መፍትሔው ታይቶዎት እያለ ሠራተኛዋ ራሷ እስክትደርስበት መጠበቅ ግን ዓመታት ይፈጃል። የታዘዘችውን አለቃ ዞር ሲል ትተወዋለች፤ ራሷ ያመጣችውን ግን ለአዲስ ገቢ ታስተምራለች። ሌላም አለ፦ በተረፈው ጊዜ ሰበብ አንድ ሰው ከተባረረ ከዚያ ወዲያ ሐሳብ የሚያመጣ አይገኝም። ስለዚህ የተረፈው ሰው ወዴት እንደሚዛወር ሰዓቱ ከመያዙ በፊት ከኃላፊው ጋር ይቆረጣል።

አሁን ተራው የእኔ ነው፤ ልጠይቅዎ። ቀሰም የሚያጠነጥንልዎ ልጅ በቀረ ቀን ስንት ክንድ ይቀንስብዎ ነበር? እሑድ ስደውል ይንገሩኝ፤ በግምት ሳይሆን አስበው።

እማዬን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ