ለልጄ፦ ስለ አዲሱ ሥራሽ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽን ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል እንጂ ሌላው ሰላም ነው።

የሥራ ገበያ መረጃ ላይ መቀጠርሽን ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼ ጨርሻለሁ። ጎረቤታችን «ምን የሚሉት ሥራ ነው?» ብትለኝ፣ «ሥራ የት እንዳለ የሚቆጥሩ ናቸው» አልኳት። እሷም «ታዲያ ለኔ ልጅ ቆጥራ ትንገረው!» አለች። እኔም የምጽፍልሽ ስለዚሁ ነው። አራት ኪሎ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ይዞ የተቀመጠ ሰው ሥራ ፈላጊ ከፊቱ አይጠፋም። የማየውን ብታውቂው ሳይጠቅምሽ አይቀርም።

በመጀመሪያ ስለ ትልቁ ቁጥር። በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው የሠራተኛ ኃይል ጥናት ሥራ አጥነትን በአገር ደረጃ 8 በመቶ፣ በከተማ 18.7 በመቶ አድርጎታል። 8 ሲባል እዚህ ሰው ይስቃል። ቁጥሩ ግን የራሱ አቆጣጠር አለው። በዓለም ሥራ ድርጅት መለኪያ፣ ባለፉት 7 ቀናት ለአንድ ሰዓት እንኳ ለገቢ የሠራ ሰው ሥራ አጥ አይባልም። ቅዳሜ ቅዳሜ የጎረቤት ልጅ እያስጠናች የታክሲ የምታገኝ ምሩቅ በዚህ አቆጣጠር ሥራ አላት። ቁጥሩ በጀት ለሚመድብ ሰው ይጠቅማል። ሲቪ ልታሳትም እኔ ጋ ለምትመጣ ልጅ ግን ነገ ጠዋት የት እንደምትሄድ አይነግራትም።

ሰሞኑን አንዷ መጣች። አካውንቲንግ የተመረቀች፣ ኤግዚት ኤግዛሙንም ያለፈች ናት። ፍላሿን ሰጠችኝ። ማመልከቻውን ስከፍተው ከላይ «ለ» ብሎ የአንድ ባንክ ስም አለ፤ ታች ወረድ ሲል ደግሞ «በፋብሪካችሁ ለመሥራት» ይላል። አስተካከልንላት። ከዚያ የምታመለክትበትን ማስታወቂያ ስልኳ ላይ አሳየችኝ። «ጁኒየር አካውንታንት፣ 2 ዓመት የሥራ ልምድ፣ ደመወዝ በስምምነት፣ የሥራ ቦታ አዲስ አበባ።» ጁኒየር ብሎ ሁለት ዓመት! አዲስ አበባ ማለትስ የት ነው? ካዛንቺስ ነው ወይስ አቃቂ? ይባስ ብሎ የማመልከቻው ቀን አልፏል። ማስታወቂያው ግን ከአንዱ የቴሌግራም ቻናል ወደ ሌላው እየተላከ ገና ይዞራል።

ድሮ ሰው ሰሌዳ ሥር አንገቱን አስግጎ ያነብ ነበር፤ ካልሆነም ረቡዕና እሑድ ሪፖርተር እስኪወጣ ይጠብቃል። አሁን ማስታወቂያ በሽበሽ ነው። የጠፋው አጣርቶ የሚያቀርብ ሰው ነው። አንድ ማመልከቻ ኮፒ አለው፣ ታክሲ አለው፣ ግማሽ ቀን አለው። ስለዚህ መረጃችሁ «ሂጂ» ማለት ብቻ ሳይሆን «እዚያ አትሂጂ፣ ተዘግቷል» ማለት ከቻለ ለሥራ ፈላጊ ገንዘብ ነው።

ደግሞ ከባድ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ማስታወቂያ ውስጥ የሥራ መደብ፣ የተጠየቀ ልምድ፣ ቦታ፣ ደመወዝ፣ የመዝጊያ ቀን አለ። ይህን በየወሩ ለቅማችሁ ብታስቀምጡ፣ አካውንቲንግ ከሚጠይቁት ውስጥ ዜሮ ዓመት፣ ማለት ልምድ የሌለው ሰው፣ የሚቀበሉት ስንት እንደሆኑ ትናገራላችሁ። ቅጥሩ በየትኛው ወር እንደሚበዛም ይታያል። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 እንደሚጀምር ሁሉም ያውቃል፤ ቅጥር ላይ ግን መቼ እንደሚደርስ ቆጥሮ የነገረን የለም። «ደመወዝ በስምምነት» ለሚለው ደግሞ የተቀጠሩትን ጠይቁና ከስንት እስከ ስንት እንደሚከፈል ጻፉ። ልጆቹ የማይሆን ደመወዝ እየጠበቁ ወራት ያባክናሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ራሳቸውን ያረክሳሉ።

ያጫወትሽኝን፣ ስኮትላንድ ኤዲንብራ ከተማ የተሠራውን ጥናትም አልረሳሁትም። ሥራ ፈላጊዎቹ ከለመዱት ሙያ ጋር የሚቀራረቡ ሌሎች ሙያዎች ከመረጃ ተለቅመው ሲቀርቡላቸው፣ በተለይ በጠባቡ ይፈልጉ የነበሩት ለቃለ መጠይቅ መጠራታቸው ጨመረ አልሽኝ። ይሄ እዚህም ያስኬዳል። ያቺ ልጅ «አካውንታንት» የሚል ቃል ካላየች ማስታወቂያውን አልፋው ትሄዳለች። ካሸር፣ ስቶር ኪፐር፣ ፔይሮል፣ የግዥ ሠራተኛ ሁሉ አጠገቧ ናቸው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ለሁሉም አካውንቲንግ ምሩቅ «ስቶር ኪፐር ሁኑ» ካላችሁ፣ በሚቀጥለው ወር ወረፋው እዚያ ይሆናል። ምክሩ እንደ ሰፈሩና እንደ ልምዱ ይለያይ።

እዚሁ አዲስ አበባ የተሠራውን ጥናት ደግሞ ለእኔ ደንበኞች ያሰቡበት ነው የመሰለኝ። ለአንዱ ቡድን ወጣት ሥራ የሚፈልግበት የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጡ። ሌላውን ሲቪና ማመልከቻ አጻጻፍ፣ ቃለ መጠይቅ አሠለጠኑት፤ ችሎታውን ፈትነውም ሰርተፊኬት ሰጡት። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም የተሻለ ሥራ አገኙ። ከ4 ዓመት በኋላ ግን ገቢያቸው ከፍ ብሎ የተገኘው የሠለጠኑት ናቸው። አልገረመኝም። ታክሲው በር ድረስ ያደርስሻል፤ በሩ ላይ ቀጣሪው የሚያየው ወረቀትሽን ነው። በወረቀቱ ላይ የባንክና የፋብሪካ ስም ከተደባለቀ ምን ዋጋ አለው?

እዚሁ አዲስ አበባ በጥናት የተሞከረው የሥራ ትርዒት ነገር ደግሞ አሳዝኖኛል። ቀጣሪና ሥራ ፈላጊ አንድ አዳራሽ ተገናኝተው፣ ከ10 ድርጅት በአማካይ አንድ ቅጥር ብቻ ተገኘ። ሁለቱም ወገን ከገበያው የራቀ ነገር ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ ሰው ከመሰብሰባችሁ በፊት ሁለቱም ስለ ደመወዝና ስለ ልምድ እውነቱን ይስሙ።

ስለ ምዝገባው ላንሳ። ወረዳ ላይ ሥራ ፈላጊዎች በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ይመዘገባሉ። ጥሩ ነው። ችግሩ ሥራ ያገኘ ሰው ተመልሶ «አገኘሁ» አይልም። ድርጅቱም ሰው ሲሞላለት ማስታወቂያውን አያነሳም። እንዲህ ከቀጠለ መዝገቡ ላይ ዘንድሮ ሥራ የያዘ ሰው ከርሞም ሥራ አጥ ነው። አጭር መልእክት ላኩላቸው። «አሁንም እየፈለግህ ነው? 1 ወይም 2 ብለህ መልስ።» በቃ። ስልኩን የለወጠውስ ካልሽኝ፣ እሱን አንቺ አስቢበት፤ ደመወዝ የሚከፈልሽ ለዚህ አይደል?

ደላላውንም አትርሺ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አገር ውስጥ ሥራ የሚያገናኝ የግል ኤጀንሲ ከሠራተኛው ክፍያ መውሰድ አይችልም። ሆኖም የመጀመሪያ ደመወዝ ላይ ድርሻ የተጠየቁ ልጆች ይመጡብኛል። ደላላው ግን አንድ ነገር ይበልጣችኋል። የትኛው ቤት ዛሬ ሰው እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ትናንት የተሞላውንም ያውቃል። ያንን ያህል ትኩስ መረጃ በነፃ ከሰጣችሁ ማን ወደሱ ይሄዳል?

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምንሽ። አለቆችሽን አስፈቅደሽ በየወሩ መጀመሪያ አንድ ገጽ ላኪልኝ። ዜሮ ዓመት የሚቀበሉ ሥራዎች፣ የሥራ ቦታቸው እስከ ሰፈር ስሙ፣ የሚከፈለው ደመወዝ፣ ከታች ደግሞ «እነዚህ ተዘግተዋል» የሚል ዝርዝር። ፊደሉ ትልቅ ይሁን፤ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ከሩቅ እንዲያነበው። አታሚው አጠገብ ግድግዳው ላይ እለጥፈዋለሁ። ኮፒ ለሚፈልግም በነፃ እሰጣለሁ። አባትሽ «በነፃ?» ብሎ ማጉረምረሙ አይቀርም፤ እሱን ለኔ ተዪው።

እናትሽ
አራት ኪሎ