ማዕበሉ ሳይመጣ የሚፈረም ወረቀት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? የደሴ ብርድ ሳይበረታ ያን ወፍራም ጋቢ ከሣጥን ያስወጡት። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ።

ባለፈው በስልክ ስለ ሥራዬ፣ አደጋ ለሚደርስባቸው ደሴቶች ሕፃናት ስለምናደርሰው እርዳታ፣ የጠየቁኝን በወጉ ሳልመልስ መስመሩ ተቋረጠ። «ባሕር መሐል ላለ ሕፃን የሚሆነውን ገንዘብ ለማታውቁት ማኅበር አስረክባችሁ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳችኋል?» ነበር ያሉኝ። ዕድሜ ልኩን የቅሬውን፣ ያንን የመንደር እድራችንን፣ ገንዘብ የያዘ ሰው እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ በጽሑፍ ላስረዳዎት።

በ77 ረሃቡ ሲጠና ሰው ከየገጠሩ ወደ አስፋልቱ ወርዶ ኮረም ላይ ተሰበሰበ። እህሉ ቢዘገይም መንገድ ነበረ። ደሴት ላይ ይህ የለም። ቫኑአቱ የምትባለው የፓስፊክ አገር ሰማንያ ያህል ደሴቶች አሏት፤ ከስልሳ በሚበልጡት ላይ ሰው ይኖራል። አውሎ ነፋስ ሲያልፍ እያንዳንዱ ደሴት ለብቻው ይቀራል፤ ሕፃን አዝሎ ወደ እርዳታው የሚሄድበት መንገድ የለም። ጀልባው ይሰበራል፣ የስልክ ምሰሶው ይወድቃል። ሌላዋ የፓስፊክ ደሴት አገር ቶንጋ ላይ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 የባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኛት የመገናኛ ገመድ ተበጠሰ፣ የአውሮፕላን ማረፊያውም አመድ ለበሰ። አመዱ በአካፋ ተዝቆ እስኪያልቅ አውሮፕላን ማረፍ አልቻለም።

ቫኑአቱን ሃሮልድ የተባለው አውሎ ነፋስ የመታት ደግሞ ኤፕሪል 2020 ነው፤ ድንበሩ በኮሮና ምክንያት ተዘግቶ ነበር። የውጭ ባለሙያ መግባት አልቻለም፤ ሥራው በአገሬው ሰው እጅ ሆነ። ቀድሞ የተደራጀ የመንደር ኮሚቴ፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር፣ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ያለበት ቦታ የሚጀምረው ከዜሮ አይደለም።

እዚህ ላይ ቅሬያችን ትዝ ይለኛል። ሰው ሲሞት ድንኳን ሊገዛ ገበያ የሚወጣ የለም፤ ድንኳኑ አለ፣ ጀበናው ተቆጥሯል፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ይታወቃል። ከደሴቱ ማኅበር ጋር የሚደረገው ስምምነትም እንዲሁ ነው። በደቡብ ፓስፊክ የአውሎ ነፋሱ ወራት ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ስለሆነ ወረቀቱ ኦክቶበር ሳያልቅ መፈረም አለበት። ከአደጋው በኋላ ድርድር ከተጀመረ የባንክ ሒሳቡን ማጣራት፣ የቦርዱን ፊርማ ማሰባሰብ፣ ከሕፃናት ጋር የሚሠሩትን ሰዎች ማንነት መመርመር ሳምንታት ይበላል። ወረቀቱ አጭር ሊሆን ይችላል፤ ብቻ ቁርጥ ያለ ይሁን። የትኛው ማኅበር የትኛውን ደሴት ይይዛል፣ የመጋዘኑ ቁልፍ በየትኞቹ ሁለት ሰዎች እጅ ነው፣ ስልክ ሲጠፋ ማንንም ሳይጠይቁ እስከ ምን ያህል ገንዘብ ማውጣት ይችላሉ፣ ጀልባው የማን ነው። ነዳጁን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቤንዚን በመንገደኛ አውሮፕላን አይጫንም፤ አስቀድሞ በበርሜል ካልተቀመጠ ጀልባው አሸዋ ላይ ተጋድሞ ይውላል። የተቀመጠውም በየጥቂት ወሩ ካልተለወጠ ተበላሽቶ ሞተሩን ያስቸግራል።

ውሃውን በቁጥር ላሳይዎት። 200 ሰው ላለበት መንደር በሰው በቀን 15 ሊትር ቢታሰብ 3,000 ሊትር ነው፤ በየቀኑ 3 ቶን ማለት ነው። ትንሽ ሞተር ጀልባ ይህን ስታመላልስ መድኃኒቱም ሸራውም ወደብ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የሚጫነው ማከሚያው ነው። ባለ 67 ሚሊግራሙ የአኳታብስ እንክብል አንዱ 20 ሊትር ንጹሕ ውሃ ያክማል፤ ለመንደሩ በቀን 150፣ ለወር 4,500 ይበቃል፤ ሰው በትከሻው ይሸከመዋል። ከጨመሩት በኋላ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው፤ የደፈረሰ ከሆነ ቀድሞ በነጠላ ይጣራል። እዚያ ቤት እንዳለው የውሃ ማከሚያ፣ እንደ ውሃ አጋር ያስቡት። በእንክብሉ ውስጥ ያለው ክሎሪን ግን ጨው አያወጣም። ማዕበል የገባበት ጉድጓድ መቀዳት አለበት፤ በጄኔሬተር ፓምፕ በአንዴ ሙጥጥ ማድረግ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። በትንሽ ደሴት ሥር ጣፋጩ ውሃ በጨዋማው ላይ እንደ ዘይት ሰፍሮ ነው የሚገኘው፤ ከመጠን በላይ ሲሳብ ጨዋማው ከሥር ይወጣል። ይህን ከውጭ የመጣ መሐንዲስ ሊስተው ይችላል፤ የጉድጓዱ ባለቤት ግን ከነጣዕሙ ያውቀዋል። የእሳተ ገሞራ አመድ ሲወርድም እንዲሁ፣ ዝናብ ሳይጥል አሸንዳውን ከሮቶው መንቀል እንዳለበት የሚያውቀው ቤቱ ያለው ሰው ነው።

በምግብ እጥረት የተጎዱትን ሕፃናት መለየትም የጎረቤት ሥራ ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ የእኛዋ የጤና ኤክስቴንሽን የምትይዘው ያው ባለቀለም የክንድ መለኪያ ነው። ግራ ክንዱን አጥፎ በትከሻና በክርን መካከል እኩሌታውን ምልክት ማድረግ፣ ክንዱን ዘርግቶ ማንጠልጠል፣ መለኪያውን ቆዳውን ሳይጫን ሳይላላም ማዞር። ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ። የተለመደው ስሕተት ልጁ ሲያለቅስ መቸኮልና ማጥበቅ ነው፤ ያኔ ጤነኛው ሁሉ ቀይ ይሆናል፣ መጋዘኑም በሳምንት ይራቆታል። ሁለቱንም እግሮች በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ተጭኖ ማየትም አይቀርም፤ በሁለቱም ላይ የጣቱ ጉድጓድ ካልሞላ ክንዱ ወፍራም ቢሆንም ልጁ በጽኑ ታሟል። ይህን ለመልመድ የአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ ስለዚህ ልምምዱ ከማዕበሉ በፊት ለመንደሩ እናቶች ይሰጣል። ከወላጁ የተለየ ልጅ ሲገኝም «ይህ የእገሊት የልጅ ልጅ ነው» የሚሉት እነሱ ናቸው። ስሙ፣ መንደሩ፣ የለበሰው ልብስ፣ የት እንደተገኘ ሳይመዘገብ ወደ ሌላ ደሴት በጀልባ መጫን የለበትም፤ ሲመልሱት መከራ ነው።

ደግ ልብም ያበላሻል። ቫኑአቱን በማርች 2015 ፓም የተባለው አውሎ ነፋስ ከመታት በኋላ ያልተጠየቀ ዕቃ በኮንቴይነር ጎርፎ ወደቡን አጣቧል፤ ሙቀት ላለበት አገር ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ቀኑ ያለፈበት ምግብ። የዱቄት ወተት ግን ከሁሉ የከፋው ነው፤ ንጹሕ ውሃና ጡጦ መቀቀያ በሌለበት ለተቅማጥ በር ይከፍታል፣ የምታጠባዋንም እናት ያዘናጋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ማኅበሩን ማመን ማለት ዐይን መጨፈን አይደለም። ገንዘቡ በየምዕራፉ ይለቀቃል፣ ቼኩ ላይ ሁለት ሰው ይፈርማል። ነገር ግን አንድ ሱቅ ብቻ ባለበት ደሴት ሦስት ፕሮፎርማ አምጡ ማለት ሰውን ውሸት እንዲጽፍ ማስገደድ ነው፤ ስለዚህ የዋጋ ዝርዝሩ አስቀድሞ በስምምነቱ ይጸድቃል፣ የጀልባው ባለቤትም በደረሰኝ ፋንታ በምስክር ፊት ይፈርማል። የገባውና የታደለው ቁጥር በአገሬው ቋንቋ ተጽፎ መሰብሰቢያው በር ላይ ይለጠፋል። እርስዎ ሒሳቡን ቅሬው ፊት ጮክ ብለው እንደሚያነቡት ነው፤ ከዚያ የበለጠ ኦዲት አላውቅም።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶችና ለጋሾች እ.ኤ.አ. በ2016 ኢስታንቡል ላይ በ2020 ከገንዘቡ ሩቡ በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአገሬው ማኅበራት እንዲደርስ ቃል ገብተው ነበር፤ በአብዛኛው አልተፈጸመም። ለሥራው ይከፈላል፤ ለሒሳብ ሠራተኛው ደመወዝ፣ ለቢሮው ኪራይ ሲባል እጅ ያጥራል። በዚያ ላይ አደጋ ሲደርስ የውጭው ድርጅት መጥቶ ያንኑ ሒሳብ ሠራተኛ በእጥፍ ደመወዝ ይወስደዋል፤ ማኅበሩ መዝገቡን የሚያነብ ሰው ሳይኖረው ሪፖርት ይጠየቃል። ሠራተኛ አለመውሰድ በስምምነቱ ላይ አንድ መስመር ሆኖ ቢሰፍር ምን ነበረበት?

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቅሬው ድንኳኑን ሲያበድር የሚጽፍበት መዝገብ ላይ ስንት ዓምድ ነው ያለው? የተቀደደ ወይም የጎደለ ዕቃ ሲመለስስ የት ላይ ይሰፍራል? ታናሼ በስልክ አንድ ገጽ አንሥቶ ይላክልኝ። ለመጋዘን ያዥዎቹ የሚሆን ቀላል ቅጽ እየፈለግን ነው።

እማማን ሰላም በሉልኝ። ዱዓዎ አይለየኝ።

ልጅዎ