ልጆችን ከትምህርት ቤት ስለማስቀረት ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወላጆች፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። የ1ኛ ሴሚስተር ካርድ ያልወሰዳችሁ እስከ ነገ ውሰዱ። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

ሰኞ 7ኛ "ለ" ስገባ ከግማሽ በላይ ዴስክ ባዶ ነበር። ስንደውል መልሱ አንድ ነው፦ "ቴሌግራም ላይ ዛሬ 8 ሰዓት መሬት ይንቀጠቀጣል ተብሏል።" 8 ሰዓት መጣ፣ ሄደ። ማክሰኞ ቀጠሮው ወደ 10 ሰዓት ተዛወረ።

የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ የሚናገር ሳይንቲስት እስከ ዛሬ የለም። ቢኖር ቲክቶክ ላይ ላይክ አይለምንም ነበር።

"አርብ ማታ አልጋችን ተወዛውዟል፣ እሳቸው ይቀልዳሉ" የምትሉ አትጠፉም። እኔም ቤት ብርጭቆው ተንኳክቷል። ያን ማታ፣ የካቲት 7፣ የተመዘገበው የመንቀጥቀጡ መጠን (ማግኒቲዩድ) 6.0 ነው፤ ከመስከረም ወዲህ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ከደረሱት ትልቁ። ስምጥ ሸለቆው በዓመት በጥቂት ሚሊሜትር እየሰፋ ነው። ቅልጥ አለትም ከሥር ስንጥቁን እየገፋ ይገባል። አዲስ መዓት አይደለም። በ1953 ካራ ቆሬ ላይ (የወሎ መንገዱ እንጂ የአዲስ አበባው አይደለም) ደርሶ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል።

ነገር ግን "እኛ ሰፈር 6 ደረሰ" አይባልም። ቁጥሩ የሚለካው መነሻው ላይ የወጣውን ጉልበት ነው። ከ5 ወደ 6 መውጣትም አንድ ማርክ እንደመጨመር አይደለም፤ ጉልበቱ ወደ 32 እጥፍ ያድጋል። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ንዝረት ግን በርቀቱ፣ በአፈሩና በፎቁ ይወሰናል። እናንተ ልጁን ምድር ላይ ካለ ክፍል አስቀርታችሁ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ታስቀምጡታላችሁ። ውዝዋዜው የሚብሰው እኮ እዚያ ነው!

"ለክፍያው ብለው ነው" የሚልም ይኖራል። ልጁ መጣም ቀረም ክፍያው ያው ነው።

"አንድ ነገር ቢፈጠር ማን ይጠየቃል?" ተገቢ ጥያቄ ነው። ተማሪዎቹ ተለማምደዋል፦ ሲንቀጠቀጥ ዴስክ ሥር፣ እጅ ጭንቅላት ላይ፣ ሲቆም ወደ ሜዳ። እኔን የሚያስፈራኝ የግቢው በር ነው። ማክሰኞ በቱሉ ዲምቱ መንገድ ሲኖ ሲያልፍ መስኮት ተንቀጠቀጠ። አንድ ልጅ ቤቱ ደወለ። (ስልክ ይዞ መምጣት ክልክል መሆኑን ለጊዜው ልተወው።) ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በሩ በባጃጅና በመኪና ተዘጋ፤ አጥር የዘለሉም ወላጅ ነበሩ። የእውነት ቢሆን ኖሮ አምቡላንስ በየት ይገባ ነበር? እባካችሁ፣ ሜዳ ላይ ቆጥረን እስክናስረክባችሁ ከበሩ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ። አትዝለሉ።

ከሰኞ ጀምሮ የቀረ ተማሪ ወላጁን ይዞ ይመጣል። የቴሌግራም ስክሪንሾት እንደ ፈቃድ ወረቀት አንቀበልም።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር