ለትምህርት ቦርዱ ዳግም ለመረጣችሁኝ ሁሉ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

የተከበራችሁ የከተማችን እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ መምህራንና ተማሪዎች፤

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክፉ አይንካችሁ። ዓርብ ከቀትር በኋላ ውጤቱ ከታወቀ ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። የደወለልኝን ሁሉ በየስሙ ላመሰግን ፈልጌ ነበር፤ ገና «ሃሎ» ስል እንባ እየቀደመኝ አልሆነልኝም። በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት።

ስለ ዘመቻው የምነግራችሁ አዲስ ነገር የለም። የትምህርት ቤቶች ወሰን እንደገና ሲሠመር የተነሣውን ክርክር፣ እስከ እኩለ ሌሊት የዘለቁትን ስብሰባዎች፣ በመጨረሻው ሳምንት በየፖስታ ሣጥኑ የገባውን ያንን ወረቀት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የተጻፈውን እዚህ አልደግመውም። ልጆቼ አንብበውታል፤ እሱ ይበቃል።

በቅድሚያ የማመሰግናቸው ሰው ስማቸውን እንዳልጠራ አስጠንቅቀውኛል። «ስሜን ጽፈሽ ካገኘሁት እንቀያየማለን» ብለዋል። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ አብዛኞቻችሁ ግን ታውቋቸዋላችሁ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በዚህ ከተማ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድተዋል። ያኔ ደረጃውን በእጃቸው እየዳሁ የሚሳፈሩ የነበሩ ሕፃናት ዛሬ እነሱም ወላጅ ሆነዋል። በየበሩ ስናንኳኳ ጋሼ በስማቸው ይጠሯቸዋል፤ የትኛው ፌርማታ ላይ ይሳፈሩ እንደነበር፣ ማን ከማን አጠገብ መቀመጥ ይወድ እንደነበር ያስታውሷቸዋል። በር የሚዘጋብን ሰው እንኳ እሳቸውን ሲያይ መልሶ ይከፍት ነበር።

ሥራው የተጀመረው በጥር ብርድ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ እንደ እኔ ያለ የቦርድ ዕጩ ስሙ ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ እንዲወጣ ከምርጫ ክልሉ መራጮች 125 ፊርማ ማቅረብ አለበት። ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ያልተመዘገበ፣ አድራሻውን ያላስተካከለ ወይም ከክልሉ ውጭ የሚኖር ሰው ከፈረመ ይሰረዛል። «125 ይዘሽ እንዳትሄጂ፤ እጥፉን እንይዛለን» አሉኝ፤ ያዙትም። «ቤት ቀይረሃል ልጄ? የተመዘገብክበት አድራሻ ይኸው ነው?» ሳይሉ ለማንም እስክሪብቶ አይሰጡም። ብርዱ ቀለሙን እንዳያደርቀው ትርፍ እስክሪብቶ በካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ይይዛሉ። ፊርማውን ያሰባሰበ ሰው ኖተሪ (መሐላና ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) ፊት ቀርቦ መማል ስላለበት ወረቀቶቹን ይዘው ወረፋ የሚጠብቁትም እሳቸው ናቸው። ዐቢይ ጾም ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ገበያው በር ላይ ቆመዋል። «ጋሼ፣ ትንሽ ይረፉ እንጂ» ስላቸው «አንቺ ሂጂና ሥራሽን ሥሪ» ይሉኛል።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውጭ፣ እግረኛ መንገዱ ላይ ይቆሙ ነበር። አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ውስጥ ገብተው ከቅዳሴ በኋላ ለምን አያስተዋውቁም?» ቢላቸው፣ «ቤተ ክርስቲያን ለማንም አትቀሰቅስም። ሕጉም አይፈቅድም፣ እኔም አልወድም» አሉት። ያን ቀን አጠገባቸው ነበርኩ፤ ኮራሁባቸው።

ለምን እንዲህ እንደሚደክሙልኝ ጠይቄያቸው አውቃለሁ። እሳቸው ወደዚህ አገር ሲመጡ በቨርጂኒያ የትምህርት ቦርድ አባላት ይሾሙ ነበር እንጂ ሕዝብ አይመርጣቸውም ነበር። ሕጉ የተለወጠው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1992 ነው፤ ከአገሪቱ ግዛቶች ሁሉ በመጨረሻ። «ድምፄን የሰጠሁበትን የመጀመሪያ ቀን አልረሳውም» አሉኝ። ከዚያ ሌላውን ነገሩኝ። ያኔ ትምህርት ቤቱ ስለ ልጃቸው ሊያነጋግራቸው ይጠራቸዋል፤ እንግሊዝኛው ስለሚከብዳቸው የምታስተረጉመው ራሷ ልጅቱ ናት፣ የስምንት ዓመት ልጅ። መምህሯ ረጅም ነገር ተናግራ ልጅቱ «ጎበዝ ናት ትላለች» ብቻ ትላቸዋለች። ልጃቸው የንባብ እርዳታ ያስፈልጋት እንደነበር ያወቁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተሰበረ። የእኔም እናት ብትሆን ኖሮ እያልኩ ስንት ሌሊት አስቤዋለሁ።

በመጀመሪያው የሥራ ዘመኔ በቦርዱ ስብሰባ ላይ በአስተርጓሚ ለሚናገር ወላጅ የንግግር ጊዜው እጥፍ እንዲሆን ያቀረብነው ሐሳብ ከዚያ የመጣ ነው። ለአንድ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ይሰጥ ነበር፤ አስተርጓሚው ግማሹን ሲወስድ ለወላጁ የሚተርፈው ሰላምታና ስም ብቻ ነበር። ለውጡ በጸደቀ ማግስት በነበረው ስብሰባ መጀመሪያ የተነሡት ጋሼ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የዚህን ከተማ ልጆች ሲያመላልሱ ኖረው እዚያ አዳራሽ ገብተው አያውቁም ነበር። በአማርኛ፣ ረጋ ብለው፣ ስለ አንድ ፌርማታ ተናገሩ፦ እግረኛ መንገድ በሌለበት፣ ባለ አራት መስመር መንገድ ዳር፣ በክረምት ገና ሳይነጋ ሕፃናት የሚቆሙበት ፌርማታ። በወረቀት ላይ የእያንዳንዱን ልጅ የክፍል ደረጃ ጽፈው ነበር፤ ስም አልጻፉም፣ የልጆች ስም በአደባባይ አይነበብም ብለው። ፌርማታው ተዛወረ። ዛሬም በዚያ ሳልፍ እሳቸውን አስባለሁ።

ትምህርት ቤት ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ መንገር ያለበት በቸርነት እንዳልሆነ፣ ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የሚመነጭ ግዴታው እንደሆነ የሚገልጸውን ገጽ አትመው በመኪናቸው ውስጥ ይዘውታል። ለማንም ወላጅ ያሳዩታል። «አስተርጓሚ አምጡልኝ በይ፤ ልጅሽን አታስተርጉሚ» ይላሉ።

የመስቀል ሰሞን ቀድሞ ድምፅ መስጠት ከተጀመረበት ዕለት አንሥቶ ደግሞ የጋሼ መኪና አልቆመችም። መራመድ ያቃታቸውን እናቶች፣ ከሥራ ወደ ሥራ የሚሮጡትን፣ መንገዱን የማያውቁትን ሁሉ አድርሰው መልሰዋል። ለሌላው ዕጩ ድምፃቸውን የሚሰጡ ጎረቤታቸውን ሳይቀር ወስደዋቸዋል፤ መኪናው ውስጥ ስለ ምርጫው አንድ ቃል አልተነፈሱም። የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ «ወረቀቱን እስከ ታች አንብቡት።» የትምህርት ቦርዱ ውድድር ከታች ነው ያለው፤ ከስማችን አጠገብም የፓርቲ ስም አይጻፍም። ብዙ ሰው ከላይ ያሉትን ትልልቅ ስሞች መርጦ ሳይጨርስ ይወጣል። በጥቂት ድምፅ በተለየ ምርጫ ያ ምክራቸው ምን እንደሠራ እኔ አውቃለሁ።

ማክሰኞ ማታ ተቀድሜ ነበር። በፖስታ የተላኩት ድምፆች እስከ ዓርብ ቀትር ድረስ ሊደርሱ ይችላሉ፤ በዕለቱ ተመዝግበው ድምፅ የሰጡት ሰዎች ወረቀትም ለብቻው ተጣርቶ ነው የሚቆጠረው። እነዚያን ቀናት ጋሼ ከነባለቤታቸው እቤታችን እየመጡ ተቀመጡ። እትዬ ድፎ ዳቦ ጋግረው አመጡ። ከልጆቼ ጋር ዳማ ተጫወቱ። ያ ወረቀት ከመጣ ወዲህ ታናሽየዋ በደንብ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ጋሼ፣ ለዚህ የሚከፈል ነገር የለኝም። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ የልጅ ልጅዎን ሠርግ ያሳይዎት። እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ።

የእቁቤ እህቶች፣ ተራዬ ሳይደርስ ዕጣውን ለቃችሁልኝ በራሪ ወረቀቱ ታተመ። ብድራችሁን ይክፈላችሁ።

ስሟን የማልጠራው አንዲት እናት ደግሞ አለች። ልጇ ኦቲዝም አለበት። በእኛ መካከል እንዲህ ያለው ነገር በሹክሹክታ እንኳ እንደማይነገር ታውቃላችሁ፤ ልጅን ከሰው ዓይን ደብቆ ማሳደግ ስንቱን ቤት እንደጎዳ ታውቃላችሁ። እሷ ግን ቡና ጠርታ የሰፈሩን እናቶች ሰበሰበች፤ ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገው ልጅ የራሱ የትምህርት ዕቅድ እንዲወጣለት ከ1975 ጀምሮ በሕግ መብቱ እንደሆነ፣ የዕቅዱ ስብሰባ ላይ ወላጅ እኩል ድምፅ እንዳለው፣ ሳይገባት መፈረም እንደሌለባት በዝርዝር አስረዳች። ያን ቀን እኔ ለቅስቀሳ የተጠራሁ መስሎኝ ነበር የሄድኩት፤ ተምሬ ተመለስኩ። ከዚያ ቡና በኋላ ሁለት እናቶች ደውለውልኛል፣ ስለ ልጆቻቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ሲናገሩ። እህቴ፣ ጀግና ነሽ። ልጅሽን ያሳድግልሽ፤ እሱም ይጡርሽ።

ዜግነት ገና ያላገኛችሁ፣ መፈረምም መምረጥም ያልቻላችሁ ወላጆች፦ ይህ ምስጋና የእናንተም ነው። «ድምፅ የለኝም፣ ግን እንጀራ እጋግራለሁ» ብላችሁ ሠራተኞቹን የመገባችሁ፣ ልጆቼን ከትምህርት ቤት የተቀበላችሁልኝ፣ አንዳንዶቻችሁ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ወረቀት እየኖራችሁ በፍርሃት ውስጥ ሆናችሁ ያበረታታችሁኝ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 ከቴክሳስ በመጣ ክስ ላይ ልጆቻችሁን ከሕዝብ ትምህርት ቤት መከልከል እንደማይቻል ወስኗል። እኔ በቦርዱ እስካለሁ ድረስ አንድም ልጅ በወላጁ ወረቀት ምክንያት ክፍል ውስጥ እንዲሸማቀቅ አልፈቅድም። ይህን በቅስቀሳ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ አሁን ከተመረጥኩም በኋላ እደግመዋለሁ።

ከጁምዓ በኋላ ሥራችሁን ጥላችሁ በር ለበር የዞራችሁ ወንድሞች፣ ጀዛኩሙላሁ ኸይር። ጽሑፋችንን ወደ ስፓኒሽ የመለሳችሁልን የኤል ሳልቫዶርና የቦሊቪያ እናቶች፣ ጎረቤትነታችሁን አልረሳም። መምህራን፣ የካፍቴሪያና የጽዳት ሠራተኞች፣ የአውቶቡስና የታክሲ ሾፌሮች፣ የእድራችን አባላት፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት በየምርጫ ጣቢያው፣ ቅስቀሳ ከማይፈቀድበት የ40 ጫማ መስመር ውጭ በዝናብ የቆማችሁ ወጣቶች፣ እግራችሁ ይባረክ። ተፎካካሪዬም ዓርብ ዕለት ራሳቸው ደውለው እንኳን ደስ ያለሽ ብለውኛል፤ በጨዋነት ስለተወዳደሩ ከልብ አከብራቸዋለሁ።

ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ሳይተኛ ልጆቹን ሲያደርስ ከርሟል። ስለ እሱ መጻፍ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አቆምኩ። እሱ ያውቀዋል። እናቴ ከአገር ቤት በየማታው ደውላ የጸለየችልኝን ጸሎት እግዚአብሔር ሰምቷል።

ስማችሁን ወይም ሥራችሁን ያልጠቀስኩ ብዙዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ። አንድ ሌሊት ሙሉ ውጭ ቆማችሁ ማስታወቂያ የተከላችሁ፣ አንዲት ዶላር በፖስታ አጥፋችሁ የላካችሁ፣ «በርቺ» ብላችሁ መልእክት የጻፋችሁልኝ ሁሉ ልቤ ውስጥ አላችሁ። ያስቀየምኩት ካለ ይንገረኝ፤ እቤቱ መጥቼ አመሰግነዋለሁ።

አዲሱ የሥራ ዘመን በጥር ይጀመራል፤ ያኔውኑ በጀቱ ይቀርባል። የእኛ ቦርድ ግብር የመጣል ሥልጣን የለውም፤ ገንዘቡን የሚፈቅደው የከተማው ምክር ቤት ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ መጥታችሁ እንዳትቀሩ። መጀመሪያ የእኛ የበጀት መድረክ ላይ፣ ቀጥሎ በጸደይ ወራት ምክር ቤቱ ፊት መናገር ያስፈልጋል፤ የአስተርጓሚዎቹ፣ የንባብ መምህራኑና የአውቶቡስ ሾፌሮቹ ደሞዝ የሚወሰነው በሁለቱም ነው። ለመናገር ቀድማችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ አማርኛ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉም ያኔውኑ ተናገሩ። መኪና የሌላችሁ አሳውቁኝ። ጋሼ ወረፋውን ከአሁኑ መያዝ ጀምረዋል።

ከታላቅ አክብሮትና ምስጋና ጋር፣
በእናንተ ድምፅ የተመረጠች የትምህርት ቦርድ አባል