ስለ ቤት ቀለም ቅብ ውልና ከቀለሙ በፊት ስላለው ሥራ

ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፤

ከአያት እስከ ለገጣፎ፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ ባሉት አዳዲስ ሰፈሮች ቁልፍ ተቀብሎ ቤቱን ለመኖሪያ የሚያሰናዳ ሰው የማይታይበት ሳምንት የለም። ከጋራ መኖሪያ ቤቶቹ ብዙዎቹ የማጠናቀቂያ ሥራቸው ለባለቤቱ የተተወ ስለሆነ፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ከቧንቧና ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቀጥሎ ቀለም ቀቢ ያፈላልጋል። እኔ ጡረታ እስከወጣሁ ድረስ በግንባታ ተቆጣጣሪነት ስሠራ የቆየሁ በመሆኔ፣ አሁን በምኖርበት በየካ አባዶ ጎረቤትና ቀቢ በተጣሉ ቁጥር «እስቲ ይምጡና ይዩልን» እየተባልሁ እጠራለሁ። በእነዚህ ሽምግልናዎች የታዘብሁት፣ ጠቡ ከቀለሙ ሳይሆን ከቀለሙ በፊት ሊሠራ ይገባው ከነበረው ሥራ የሚነሣ መሆኑን ነው። ሁለቱ ወገኖች «በካሬ ይህን ያህል» ተባብለው ይስማማሉ፤ ያ ዋጋ ስቱኮውን (ከቀለም በፊት ግድግዳውን የሚያለሰልሰውን ምርጊት)፣ የብርጭቆ ወረቀቱን ሥራ፣ ኮርኒሱንና በመጨረሻም ወለሉን ማጽዳቱን ይጨምር እንደሆነ ግን ማንም አያነሣም። ቀቢ ለመቅጠር ያሰቡ አንባቢዎቻችሁ ምን ሊጠብቁና ምን ሊያስጽፉ እንደሚገባ ጥቂት ለማለት እንድትፈቅዱልኝ እጠይቃለሁ።

ዋጋ የሚቀርበው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ «የእጅ ዋጋ» የሚባለው ሲሆን ቀለሙንና ስቱኮውን ባለቤቱ ይገዛል፤ ሌላው ከነዕቃው የሚሰጥ ኮንትራት ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ፈተና አላቸው። ከነዕቃው የተዋዋለ ቀቢ ቀለሙን በውሃ ባቀጠነው ቁጥር ትርፉ ይጨምራል፤ በእጅ ዋጋ የገባው ደግሞ የሚባክነው የሌላ ሰው ገንዘብ ስለሆነ ያን ያህል አይቆረቁረውም። እኔ በበኩሌ እየተመላለሰ ሥራውን ማየት የሚችል ሰው በእጅ ዋጋ ቢያሠራ፣ የማይችል ደግሞ ከነዕቃው ሰጥቶ የቀለሙን ዓይነትና የጋሎኑን ብዛት በውሉ ላይ ቢያስጽፍ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ብዛቱን ለመገመት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ወርዱና ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ከፍታው 2.6 ሜትር የሆነ ክፍል አራቱ ግድግዳዎች ተደምረው 41.6 ካሬ ሜትር ይሆናሉ፤ ለበርና ለመስኮት 4 ካሬ ያህል ቢቀነስ 37 ወይም 38 ካሬ ይቀራል። 1 ሊትር ፕላስቲክ ቀለም በለሰለሰ ግድግዳ ላይ በአንድ እጅ፣ ማለትም አንድ ጊዜ ሲቀባ፣ 10 ካሬ ያህል ስለሚሸፍን፣ ሦስት እጅ ለመቀባት ከ11 ሊትር በላይ ማለትም ሦስት ባለ 4 ሊትር ጋሎን ያስፈልጋል። ቀቢው ለዚያች ክፍል ስድስት ጋሎን ካዘዘ፣ ወይም «በአንድ ጋሎን ጨርሼዋለሁ» ካለ፣ ምክንያቱን መጠየቅ ነውር የለውም። ካሬው ሲለካ በርና መስኮት ይቀነስ አይቀነስ የሚለውም አስቀድሞ ይወሰን፤ ቀቢዎች የበርና የመስኮት ዙሪያ ጠርዝ ከሜዳው ግድግዳ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል ብለው የሚከራከሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን የግድግዳው ዝግጁነት ነው። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ አራት ሳምንት፣ በክረምት ደግሞ ከዚያም በላይ ሳይቆይ ቀለም ሊነካው አይገባም። እርጥብ ልስን ውስጥ ያለው ውሃ መውጫ ይፈልጋል፤ ሲወጣም ጨዉን ይዞ ስለሚመጣ ግድግዳው ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ይታያል። ከዚህም ሌላ አዲስ ሲሚንቶ የአልካላይን ጠባዩ ኃይለኛ ስለሆነ ቀለሙን ያደበዝዘዋል፣ መያዣውንም ያላላዋል። በቦሌ አራብሳ አንድ ቤት ገብቼ ያየሁት የሳሎን ግድግዳ፣ ልስኑ ተሠርቶ ብዙም ሳይቆይ በሰኔ የተቀባ ነበር፤ በነሐሴ ቀለሙ እንደ ድንች ልጣጭ እየተጠቀለለ ሲወርድ ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ገና ጥቁርና ቀዝቃዛ ነበር። ባለቤቲቱ ቀለሙን «ፎርጅድ ነው» ብለው ሻጩን ሊከሱ ተነሥተው ነበር፤ ቀለሙ ግን አንዳች ጉድለት አልነበረበትም። ይህን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ክንድ የሚያህል ላስቲክ ቆርጦ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ግድግዳው ላይ ማሸግና አንድ ቀንና ሌሊት ማቆየት ነው። በላስቲኩ የውስጥ ገጽ ላይ ጠብታ ከታየ ግድግዳው አልደረቀም። ቀቢው «ግድየለም፣ ስቱኮው ይውጠዋል» ቢል አይስሙት። እርጥበቱ ከላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት ወይም ከሚያፈስ ቧንቧ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የቧንቧ ሠራተኛ እንጂ የቀቢ አይደለም።

ልስኑ ከደረቀ በኋላ ስቱኮው ይከተላል። ጥሩ ቀቢ በስፓቱላ ሁለት ጊዜ ስስ አድርጎ ይስባል፤ በአንዱና በሌላው መካከል ያደርቃል፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ያሻል። ቤቱ በአቧራ የሚሞላው በዚህ ቀን ስለሆነ ባለቤቱ ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል፤ ሶፋና ቁም ሳጥን ክፍሉ ውስጥ ካለ ወደ መካከል ተስቦ በላስቲክ መሸፈን አለበት፤ የሶኬትና የማብሪያ ማጥፊያ ክዳኖችም ኤሌክትሪኩ ከቆጣሪው ተዘግቶ ሊፈቱ ይገባል። በየቤቱ ሶኬቱን ከነክዳኑ ቀብተው የሚሄዱትን ሳይ ይገርመኛል፤ ሁለት ብሎን መፍታት ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? የብርጭቆ ወረቀቱ ሥራ ተጠናቀቀ ሲባል ባለቤቱ አንድ አምፖል በገመድ ይዞ ከግድግዳው ጎን አስጠግቶ ያብራ። ፊት ለፊት ሲታይ ሜዳ የመሰለው ግድግዳ በጎን ብርሃን ጉብታውና የስፓቱላው መስመር ሁሉ ይወጣል። ይህ ፍተሻ የሚጠቅመው ከመጀመሪያው እጅ ቀለም በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ «ይህ ጎርባጣ ነው» ማለት ቀቢውን ሁለተኛ ማሠራት ስለሚሆን ጠብ ያመጣል። በእጅ መዳፍ ሲታበስ ዱቄት የሚለቅ ግድግዳም ሳይጠረግና ማያያዣ ፕራይመር ሳይቀባ ቀለም አይይዝም። በማእድ ቤትና በመታጠቢያ ቤት ደግሞ በጀሶ የተሠራ ስቱኮ በእንፋሎት ስለሚለሰልስ፣ ለእርጥብ ቦታ የተዘጋጀውን ዓይነት መጠየቅ ያስፈልጋል።

በሰፈራችን ዳር ያሉት ነባር የጭቃ ቤቶች የተለየ ነገር ይፈልጋሉ። ከጭቃ ላይ የተመረገ ሲሚንቶ ሲቆይ ከጭቃው ይላቀቃል፤ ግድግዳውን በጣት መታ መታ ሲያደርጉት ክፍት ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ተፍቆ በወንፊት ሽቦ እንደገና ካልተለሰነ፣ ስንጥቁ ቀለሙን ይዞ ተመልሶ ይወጣል። ቀድሞ ኖራ የተቀባ ግድግዳም ኖራው ተፍቆ መነሣት አለበት።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ በመጀመሪያ ኮርኒሱ፣ ቀጥሎ ግድግዳው፣ በመጨረሻ በሩ፣ መስኮቱና ዞኮሎው (የግድግዳው የታችኛው ጠርዝ) ይቀባሉ። ጠርዙ በቡርሽ፣ ሜዳው በሮለር ይሠራል። የመጀመሪያው እጅ ትንሽ ቀጠን ይላል፤ ቀሪዎቹ ግን ጣሳው ላይ ከተጻፈው በላይ ውሃ ሊጨመርባቸው አይገባም። ፕላስቲክ ቀለም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ለሚቀጥለው እጅ ይደርሳል፤ ዘይት ቀለም ግን ማደር አለበት። ስለዚህ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ስቱኮውን ጨምሮ «በሁለት ቀን እናስረክባለን» የሚል ቡድን ከመጣ፣ የትኛውን ማድረቂያ ጊዜ ሊዘል እንዳሰበ መጠየቅ ነው፤ ሥራው እንደ ሠራተኛው ብዛት አንድ ሳምንት ገደማ ቢወስድ ሊያስደንቅ አይገባም። የአየሩም ነገር አለ። ፕላስቲክ ቀለም ብርድ ሲጠናበት በደንብ ስለማይያያዝ አምራቾች ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይቀባ ይመክራሉ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የእንጦጦ ግርጌና የለገጣፎ ሌሊት ከዚያ በታች ስለሚወርድ፣ በእነዚህ ወራት ረፋድ ላይ ጀምሮ ማታ ሳይሆን በጊዜ ማቆም ይበጃል። ከዕንቁጣጣሽ፣ ከገናና ከጥር ሠርግ በፊት ባሉት ሳምንታት ሁሉም ሰው ቀቢ ስለሚፈልግ ዋጋው ይንራል፣ ሥራውም ይጣደፋል፤ ጥቅምት ላይ የሚያሠራ ሰው በሁለቱም በኩል ይጠቀማል።

ስለ ዘይት ቀለም አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገለጸው ለሕፃናት ጉዳት የለውም የሚባል የሊድ (በቀለም ውስጥ ሊገኝ የሚችል መርዛማ ብረት) መጠን የለም። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው ሊድ በአንድ ሚሊዮን ክፍል ውስጥ ከ90 ክፍል እንዳይበልጥ ወስናለች። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት የተቀቡ በሮችና የመስኮት ብረቶች፣ በተለይም ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ የሆኑት፣ ሊድ ሊኖርባቸው ይችላል። እንዲህ ያለውን አሮጌ ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት አቧራውን በቤቱ ሁሉ መበተን ነው፤ ውሃ እያርከፈከፉ በእርጥቡ ማሸት፣ ልጆችን ከቤት ማራቅና ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ግዴታ ሊሆን ይገባል። ዘይት ቀለም የሚቀጠንበት አኳራጅም እንፋሎቱ ስለሚነድ፣ በሩ እየተቀባ እዚያው ሳሎን ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላት አደገኛ ነው። አራስ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የአስም ሕመምተኛ ካለም ሽታው እስኪወጣ ዘመድ ቤት ቢቆዩ ይሻላል።

ቀቢውን ብቻ መውቀስም ፍትሕ አይደለም። በዳርቻው ሰፈር ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ እየታወቀ፣ ቀቢዎቹ ጠዋት ሲመጡ ባዶ በርሜል የሚጠብቃቸው ቤት ብዙ ነው፤ ከዚያም ወጣቶቹ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ድረስ ጄሪካን ሲያመላልሱ ግማሽ ቀን ያልፋል። ዕቃውን ከመኪና ማን ያወርደዋል፣ የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ለሚጠይቁት ሒሳብ ማን ይከፍላል የሚለውም ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሲኖትራኩ ደጃፍ ላይ ከቆመ በኋላ ነው። ቀቢዎቹ ሥራ ከጀመሩ በኋላ የቀለም ምርጫ መለወጥም የባለቤቱ ጥፋት ነው፤ ቀለሙ በማሽን ከመቀላቀሉ በፊት ትንሽ ገዝቶ አንድ ሜትር ያህል ግድግዳ ላይ ቀብቶ ጠዋትና ማታ ማየት ይህን ያስቀራል።

ውሉን በተመለከተ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2610 አንድ ሠሪ በዋጋ የተወሰነ ውጤት በራሱ ኃላፊነት ሊያስገኝ የሚገባበትን ውል ለይቶ አስቀምጧል። ቀቢን በካሬ ወይም በጠቅላላ ዋጋ የተዋዋለ ሰው የሚጠይቀው ይህንኑ ውጤት ነው፤ በቀን ሒሳብ ቀጥሮ ራሱ እያዘዘ የሚያሠራ ግን የገዛው ጉልበት ስለሆነ የሥራው ጥራት በአብዛኛው በራሱ ቁጥጥር ላይ ይወድቃል። ስለዚህ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ የሚቀቡት ክፍሎች፣ የስቱኮው ዙር፣ የቀለሙ ዓይነትና ስንት እጅ እንደሚቀባ፣ የመጀመሪያና የማስረከቢያ ቀን፣ ማጽዳቱ የማን እንደሆነ ይጻፍና ሁለቱም ወገኖች ከምስክር ጋር ይፈርሙበት። ክፍያውም በሥራው ደረጃ ቢከፈል ይመረጣል፤ ለመነሻ መጠነኛ ቀብድ፣ ቀጥሎ ስቱኮው ታይቶ ሲጸድቅ፣ ከዚያ ከሁለተኛው እጅ በኋላ፣ የቀረው ጥቂት ደግሞ ርክክቡ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ። ግማሹን በቀብድ ተቀብሎ ሌላ ሥራ ላይ የሚሰማራ ቀቢ እንዳለ ሁሉ፣ ሥራው አልቆ «ነገ ና» እያለ የሚያመላልስ ባለቤትም ስላለ ይህ አከፋፈል ለሁለቱም ዋስትና ይሆናል። በደላላ በኩል የመጣ ቀቢ ከሆነ ደግሞ ውሉ ከራሱ ከቀቢው ጋር ይፈረም፤ ከዚህ በፊት የሠራውንም ቤት ሄዶ ማየት ይገባል፤ ቢቻል ከተቀባ አንድ ክረምት ያለፈበትን።

ጋዜጣችሁ የሕግ ባለሙያና የሙያው ሰዎችን አማክሮ የዚህ ዓይነት የአንድ ገጽ ናሙና ውል ቢያወጣ፣ የየሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ፎቶ ኮፒ እያደረገ አዲስ ቁልፍ ለሚቀበል ሁሉ ሊያድለው ይችላል። ለየካ አባዶ ብሎኮች የሚበቃውን በራሴ ወጪ ለማባዛት ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ ጡረታ የወጡ የግንባታ ተቆጣጣሪ፣ ከየካ አባዶ